የዌብ ዲዛይን ተማሪ ፖርትፎሊዮ፦ ከባዶ ፎልደር ጀምሮ

ዌብ ዲዛይን የሚማር ሰው ፖርትፎሊዮውን (የሥራዎቹን ማሳያ ገጽ) አብዛኛውን ጊዜ ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ «መጀመሪያ የሚለጠፍ ሥራ ይኑረኝ» ይላል። ለፎቶ አንሺ ወይም ለሎጎ ሠሪ ይህ ያስኬዳል። ፎቶው ጥሩ ከሆነ፣ የተለጠፈበት ገጽ ቢንቀራፈፍም ይታለፍለታል። የዌብ ዲዛይን ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ የለውም፤ ሥራዎቹ የተቀመጡበት ገጽ ራሱ ሥራው ነው። ስለዚህ ፖርትፎሊዮው በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር፤ እያፈረሱ የሚሠሩበት የልምምድ ሜዳ ይሁን። ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የመጣ የገጽ ንድፍ) ግን አይነካ።

ፎልደሩ ውስጥ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ኢንዴክስ የሚባለው የኤችቲኤምኤል (የገጹ ይዘትና መዋቅር የሚጻፍበት) ፋይል፣ አንድ የሲኤስኤስ (መልኩ የሚወሰንበት) ፋይልና የምስሎች ፎልደር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲኤስኤሱን አትንኩት። ስማችሁን፣ ምን እንደምትሠሩ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሥራዎቹንና ኢሜይላችሁን በኤችቲኤምኤል ብቻ ጻፉ። ኤች1 የሚባለው ዋናው የርዕስ ታግ (የኤችቲኤምኤል ምልክት) በገጹ አንዴ ብቻ፤ የየሥራው ርዕስ ኤች2፤ ከዚያ በታች ያለው ኤች3። ኤች4ን «መጠኑ ደስ ስላለኝ» ብሎ መምረጥ የተለመደ የጀማሪ ስህተት ነው። መጠን የሲኤስኤስ ጉዳይ ነው፤ ታጉ የሚናገረው ደረጃን ነው። ቀለምም ቅርጽም ሳይኖረው ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ስሜት የሚሰጥ ገጽ አጥንቱ ደህና ነው ማለት ነው።

በኤችቲኤምኤል ፋይሉ አናት ላይ የሚቀመጡትን ጥቂት መስመሮች ብዙ ሰው ሳይረዳ ይገለብጣቸዋል። ገጹ በዘመናዊው ኤችቲኤምኤል መጻፉን የሚያስታውቀው የዶክታይፕ መስመር ከሌለ ብራውዘሩ ገጹን በድሮ ገጾች ሕግ ያነበዋል። የፊደል አይነቱን ዩቲኤፍ 8 ብሎ የሚያስታውቀው መስመር ደግሞ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት አለበት። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ከላይ ረጅም የአማርኛ ማስታወሻ ከጻፋችሁ ቦታው ቶሎ ያልቃል፣ ጽሑፋችሁም ወደማይነበብ ምልክት ሊቀየር ይችላል። ገጹ በስልኩ ስፋት እንዲታይ የሚያዘው የቪውፖርት መስመር ከተረሳ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰውና ጽሑፉ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። የመጨረሻው የቋንቋ ምልክት ነው፦ ገጹ አማርኛ ከሆነ ላንግ የሚለው ላይ የአማርኛን ኮድ ጻፉ። ከቴምፕሌት የተገለበጠ ገጽ እንግሊዝኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ለማየት ለተቸገረ ሰው ገጹን የሚያነብለት ሶፍትዌር ደግሞ ድምፁን የሚመርጠው በዚህ ነው።

ሲኤስኤስ አልሠራ ሲል

መጀመሪያ የሚያደናግረው የሳጥን ስሌት ነው። ስፋቱን 300 ፒክስል ያላችሁት ሳጥን በየጎኑ 20 ፒክስል ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) እና 2 ፒክስል ቦርደር (የጠርዝ መስመር) ካለው፣ ስክሪኑ ላይ የሚይዘው 344 ፒክስል ነው። ሁለት 50 ፐርሰንት ሳጥኖች ጎን ለጎን አልገባ የሚሉትም ስለዚህ ነው። በሲኤስኤስ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ኤለመንት (የገጹ ክፍል) ቦክስ ሳይዚንግን ቦርደር ቦክስ ማድረግ፣ ማለትም ፓዲንጉና ቦርደሩ በስፋቱ ውስጥ እንዲቆጠሩ ማዘዝ፣ ይህን ጣጣ ከሥሩ ይነቅለዋል።

ዲዛይኑን ከ360 ፒክስል ስፋት ጀምሩ። ለጠባቡ ስክሪን ጽፋችሁ፣ መስኮቱን ቀስ እያላችሁ አስፉት፤ አቀማመጡ መላላት የጀመረበት ቦታ ላይ ሚዲያ ኩዌሪ (ከተወሰነ ስፋት ጀምሮ ብቻ የሚሠራ የሲኤስኤስ ሕግ) አስገቡ። ቁጥሩን ከስልክ ሞዴሎች ዝርዝር አትውሰዱት፤ ይዘቱ ራሱ ይነግራችኋል። ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ልክ ያልተበጀለት ምስል፣ በፒክስል የተቸነከረ ስፋት፣ ወይም 100 ቪደብልዩ (የመስኮቱ ሙሉ ስፋት)። የመጨረሻው የስክሮል ባሩን ስፋት አብሮ ስለሚቆጥር በኮምፒውተር ላይ ከገጹ ትንሽ ተርፎ ይወጣል፤ 100 ፐርሰንት ይሻላል። ነገሮችን በአንድ መስመር ለመደርደር ፍሌክስቦክስ፣ ረድፍና አምድ ሲያስፈልግ ግሪድ። ከዚህ በላይ ለጀማሪ አያስፈልግም። ተዘጋጅተው የሚመጡት የሲኤስኤስ ስብስቦች፣ ቡትስትራፕና ቴይልዊንድ፣ መጥፎ አይደሉም፤ ግን ከሥራቸው ያለውን ሲኤስኤስ ያላወቀ ሰው ሲበላሹበት መውጫ ያጣል።

የጻፋችሁት ሕግ ምንም ካልለወጠ በግምት ኮድ አትቀያይሩ። ኤፍ12 ተጫኑና በሚከፈተው የብራውዘሩ መመርመሪያ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። ኔትወርክ የሚለው ውስጥ የሲኤስኤስ ፋይሉ 404 (አልተገኘም) ካለ የፋይሉ አድራሻ ተሳስቷል። ፋይሉ ከመጣ ኤለመንቱን ምረጡ፤ ሕጋችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ የክላሱ (ለኤለመንቶች ቡድን የሚሰጠው መለያ) ስም አልገጠመም። ካለና መስመር ከተሰረዘበት፣ ክብደቱ የሚበልጥ ሌላ ሕግ አሸንፎታል፤ አንድ አይዲ (ለአንድ ኤለመንት ብቻ የሚሰጥ መለያ) ስንትም ክላስ ቢደረደር ያሸንፋል፣ ለዚህ ነው ለቅርጽ አይዲ የማይመከረው። ብራውዘሩ ጭራሽ እንዳልገባው ካሳየ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለው መስመር ላይ ሴሚኮለን (;) ተረስታለች፤ እሷ ስትጎድል የሚበላሸው የራሷ መስመር ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውም ጭምር ነው። ሕጉ ሌሎቹን በግድ እንዲያሸንፍ ኢምፖርታንት የሚለውን ቃል መጨመር ችግሩን ዛሬ ይደብቀዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ፊደላችንና የሌላ ሰው ዲዛይን

የአማርኛ ገጽ የሚሠራ ሰው የሚያየው አብዛኛው ምሳሌ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፤ እንዳለ ሲወሰድ ቀስ ብለው የሚታዩ ችግሮች ይመጣሉ። ብዙ ቴምፕሌት የርዕስና የጽሑፍ ልዩነትን የሚያሳየው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አማርኛ ሲገባ ልዩነቱ በአንዴ ይጠፋል፣ ሜኑውና ጽሑፉ አንድ ይመስላሉ። በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ተኩት። ኢታሊክም (ዘንበል ያለው ጽሑፍ) እንዲሁ ነው፤ ፎንቱ ስለሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያዘነብለዋል፣ ሲያዩት ሊወድቅ የደረሰ አጥር ነው።

ፖፒንስን የመሰለ ፎንት ውስጥ ፊደላችን የለም። ብራውዘሩ ያጣውን ፊደል መሣሪያው ላይ ካገኘው ፎንት ይሞላዋል፤ ስለዚህ ገጻችሁ በየሰዉ ስልክ የተለያየ መልክ ይኖረዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከገጹ ጋር ጫኑት፤ በፎንት ፋሚሊ ዝርዝር ላይ የላቲኑን አስቀድማችሁ እሱን አስከትሉ። ብራውዘሩ ዝርዝሩን ለእያንዳንዱ ፊደል ከግራ ጀምሮ ስለሚፈልግ፣ እንግሊዝኛውና ቁጥሩ ከመጀመሪያው፣ አማርኛው ከሁለተኛው ይመጣል። 400 እና 700 ውፍረት ብቻ በቂ ነው። 700ውን ካልጫናችሁ ግን ብራውዘሩ ፊደሉን ራሱ ያወፍረዋል፤ ያኔ የ«ጨ» እና የ«ጩ» ቀጫጭን ክፍሎች ይደፈናሉ። የመስመር ከፍታው ከ1.6 እስከ 1.8 ቢሆን ፊደሎቹ ይተነፍሳሉ፤ ለላቲን የሚባለው 1.4 ለእኛ ይጠባል። በአንድ መስመር ከ8 እስከ 11 ቃል ለዓይን ይመቻል።

ለቀለም ደግሞ ጣዕም ብቻ አይበቃም። ነጭ ላይ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር (ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት) ያስፈልገዋል፤ ዲዛይነሮች የሚወዱት #999 ግራጫ 2.85 ብቻ ነው፣ #767676 ግን ለጥቂት ያልፋል። ፀሐይ ላይ ስልክ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሦስት ሥራ

ሦስት በደንብ የተብራራ ሥራ አሥራ ሁለት ስክሪንሹት ያሸንፋል። ገጹን የሚከፍተው ሰው ቸኩሏል፤ ደካማውን ሥራ ካየ በሱ ይመዝናችኋል። አራተኛ ሥራ ሲመጣ ከሦስቱ ደካማው ይውጣ።

ደንበኛ የለኝም ማለት ሥራ የለኝም ማለት አይደለም። ለክፍል ጓደኞች የፈተና ፕሮግራም ማሳያ፣ ለአንድ የተማሪዎች ክበብ ባለ አንድ ገጽ ዌብሳይት፣ አሠራሩ አድካሚ የሆነ የታወቀ ገጽን እንደገና መንደፍ፣ ሁሉም ያስኬዳል። የመጨረሻው ላይ «ለልምምድ የተሠራ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ድርጅቱ ያሠራችሁ አስመስሎ ማቅረብ አንድ ጥያቄ ሲነሳ ይፈርሳል።

በየሥራው ሥር ከ150 እስከ 250 ቃል ይኑር። ችግሩ ምን ነበር፣ ለማን፣ በቡድን ከተሠራ የእናንተ ድርሻ የቱ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ውሳኔዎችና ምክንያታቸው። ከሁሉ የሚነበበው ግን የጣላችሁት ሐሳብ ነው። «ሜኑውን በሦስት መስመር ምልክት ደብቄው ነበር፤ ያሉት ሊንኮች አራት ብቻ ስለሆኑ መልሼ አወጣሁት» የሚል አንድ መስመር፣ «ዘመናዊና ማራኪ ዲዛይን» ከሚል አንቀጽ በላይ ይናገራል። ወደ ሥራውና ወደ ኮዱ የሚወስዱ ሊንኮች አይቅሩ። «ኤችቲኤምኤል 90 ፐርሰንት» የሚሉትን አሞሌዎች ግን ተዉአቸው። የምኑ 90 ፐርሰንት?

የምስል ነገር ራሱን ችሎ መታየት አለበት፤ ብዙ የተማሪ ገጽ የሚሞተው እዚህ ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ በገጹ ላይ 800 ፒክስል ሆኖ ቢታይም የሚወርደው ሙሉው ነው። ፋይሉን ብትጨምቁትም ስልኩ ለማሳየት ሲፈታው በአንድ ፒክስል 4 ባይት፣ በድምሩ 48 ሚሊዮን ባይት ሜሞሪ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስፋቱን ወደ 1600 አውርዱ፣ ከዚያ ወደ ዌብፒ (ቀለል ያለ የምስል ፋይል ዓይነት) ቀይሩ፤ ስኩሽ የሚባለው መሣሪያ ሁለቱንም በብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ከ200 ኪሎባይት በታች ማድረስ አያስቸግርም። በኤችቲኤምኤሉ ላይ ስፋትና ቁመቱን ጻፉ፤ ካልተጻፈ ብራውዘሩ ቦታ ስለማይዝለት ምስሉ ሲደርስ ጽሑፉ ይዘላል፣ አንባቢው ሊጫነው የነበረው ሊንክም ከጣቱ ሥር ይሸሻል። ዘግይቶ እንዲጫን የሚያደርገውን ሌዚ ከታች ላሉት ምስሎች ብቻ ስጡ። ለመጀመሪያው ከሰጣችሁት ቶሎ መታየት ያለበትን ታዘገያላችሁ።

«በኮምፒውተሬ ይሠራል»

ገጹን ኦንላይን ለማተም ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለው ሆስቲንግ (የገጽ ማስቀመጫ አገልግሎት) ይበቃል፤ ነፃ ነው። ሪፖዚተሪውን (የፕሮጀክቱን ማስቀመጫ) በአካውንታችሁ ስም ጀምራችሁ ጊትሃብ ዶት አይኦ ብላችሁ ሰይሙት፣ የኢንዴክስ ፋይሉን ፎልደር ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ መጀመሪያው ላይ አስቀምጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል በስህተት ከጫናችሁ መሰረዝ ብቻ አያድንም፤ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ታሪክ ውስጥ ይቀራል፣ የይለፍ ቃሉን መቀየር ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት በሚሰጠው ሆስቲንግ ላይ ብቻ መመካትም አይበጅም፤ አካውንቱ ከምርቃት በኋላ ሊዘጋ ይችላል፣ ሲቪ ላይ የተጻፈው ሊንክም አብሮ ይሞታል።

ቤት የሠራው ገጽ ኦንላይን ምስሉን የሚያጣው በአብዛኛው በፋይል ስም ነው። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልን አይለይም፤ ሰርቨሩ ግን ይለያል። የፋይል ስሞችን በሙሉ በትናንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ቃላቱን በሰረዝ እያያያዛችሁ ጻፉ። አድራሻው በድራይቭ ስም የሚጀምር ከሆነ ፋይሉ ያለው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። በእዝባር የሚጀምር አድራሻ ደግሞ ከዶሜይኑ ሥር ይፈልጋል፤ ገጻችሁ በንዑስ ፎልደር ውስጥ ከሆነ አያገኘውም።

የመልእክት መላኪያ ፎርም ሌላው ወጥመድ ነው። እንደ ጊትሃብ ፔጅስ ያለው ሆስቲንግ ፋይል ከማድረስ በቀር ምንም አይሠራም፤ ፎርሙ ተሞልቶ ቢላክም መልእክቱ የትም አይደርስም፣ ላኪው ግን የደረሰ ይመስለዋል። ኢሜይላችሁን በሚነበብ ጽሑፍ አስቀምጡ። ሊንክ ብቻ ከሆነ የኢሜይል ፕሮግራም ባልተስተካከለበት ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑት ምንም አይከፈትም።

ከመላካችሁ በፊት አይጡን አስቀምጣችሁ በታብ ብቻ ገጹን ዙሩት፤ የት እንዳላችሁ ካልታያችሁ የፎከስ መስመሩን (የተመረጠውን ሊንክ የሚከበውን) አጥፍታችሁታል። ጽሑፉን 200 ፐርሰንት አሳድጉት። የገጽ መመዘኛውን ላይትሃውስን በሞባይል ምርጫ አስኬዱት፤ ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። ከዚያ ለማያውቀው ሰው ስልኩ ላይ ክፈቱለትና «ሁለተኛው ሥራ ለማን እንደተሠራ ንገረኝ» ብላችሁ ዝም በሉ። ጣቱ የሚያመነታበትን ቦታ ጻፉ።

ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ የኦፕን ግራፍ (ሊንክ ሲጋራ የሚታየውን የሚወስኑ መስመሮች) ርዕስ፣ መግለጫና 1200 በ630 ፒክስል ምስል ጨምሩ፤ የምስሉ አድራሻ ከነዶሜይኑ ሙሉ ይሁን። ምስሉን ቀይራችሁ አሮጌው መታየቱን ከቀጠለ ቴሌግራም የቀድሞውን ይዞት ነው፤ ሊንኩን ለዌብፔጅ ቦት ላኩለት፣ ገጹን እንደገና ያነበዋል።