የቀበጠ ልጅ አይደለም

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብተን ነበር። የድሬ ሙቀት፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የነጋዴው ጥሪ ተደራርቦበት ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንዲት እናት «ቅብጥ ነው፣ ተቆጪው እንጂ!» አሉኝ። ክፋት የላቸውም። ግን ልጁ አልቀበጠም፤ ድምፁ በእውነት ያመዋል።

ጂን አይረስ የምትባል አሜሪካዊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲችል የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ይህን ጉዳይ ለዓመታት አጥንታለች። ከምናውቃቸው አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሌላ ሁለት አሉ። አንዱ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ነው። ሌላው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ለአንጎል የሚሄደው መልእክት ነው። አንጎል እነዚህን ሁሉ ማቀናጀት ሲከብደው፣ ልጁ ለእኛ ተራ በሆነ ነገር ይጨነቃል። ሕክምናው ጨዋታ ይመስላል፦ ዥዋዥዌ፣ መግፋት፣ መሸከም፣ መውጣት። ልጁ ሳይገደድ፣ በአቅሙ ልክ።

ተአምር ነው አልልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕክምናው ስለመሥራቱ ያለው ማስረጃ ውስን መሆኑን ለወላጅ ንገሩ ብሏል። ልክ ነው፤ ወላጅ ገንዘቡንም ተስፋውንም አውቆ ያውጣ።

እኛ ግን ከገበያው ወጥተን ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍን። ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት፣ ትንፋሹ ተመለሰ። ቤት ስንደርስ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ራሱ ተሸክሞ ገባ፤ እንዲህ ያለ ከበድ ያለ ሥራ ደስ ይለዋል። ከእንግዲህ ገበያ የምንሄደው በጠዋት ነው፣ ሳይሞቅና ሳይጨናነቅ።

ድሬ ወይም ሐረር ከልጆች ጋር የሚሠራ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ የምታውቁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።