ምዕራፍ 19

«ሣጥኑ ውስጥ ምን ነበረ?» ይሉኛል። ታክሲ ውስጥ የጠየቀኝ አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ንፍሮ እየዘገነ የጠየቀኝም አለ። ፈገግ እልና «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» ብዬ እመልሳለሁ። ይህችን መልስ ያስተማረኝ አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው። ከእሱ በፊት እውነተኛውን መልስ አውቀው ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌው ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሦስተኛው ልብ ወለዴ ማተሚያ ቤት በገባ ጊዜ ነው።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚባል ነበር። ደራሲ ረቂቁን ያስረክባል፤ ሳንሱሩን ካለፈለት የወረቀቱ ጭንቀት የድርጅቱ ነው። እኔ የመጣሁት ያ ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ በደብተር በእጄ እጽፋለሁ፤ ቢበዛ ሁለት ገጽ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የኮንዶሚኒየሙ ሰው በደረጃው ጀሪካን መጎተት ሲጀምር ድርሰት ያበቃል። የቀረው ቀን የደራሲ ቀን አይደለም፤ የተሸካሚና የዕዳ ሰብሳቢ ቀን ነው። ማክሰኞና ዓርብ ቦርሳዬን በመጽሐፍ ሞልቼ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ በእግሬ እዞራለሁ። የመጽሐፍ ሻጮቹን «ቅዳሜ ና፣ እንተሳሰባለን» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ከራሴ ድርሰት ሁሉ አብልጬ በቃሌ አውቃታለሁ።

የማተሚያ ቤቱን ፎርማን ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ የጀመሩት በእርሳስ ፊደል ዘመን፣ ፊደል ለቃሚ ሆነው ነው። ፊደሉ የሚደረደረው ተገልብጦ ስለነበረ እሳቸውም ጽሑፍ ገልብጠው ማንበብ ለምደዋል። ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው እኔ የያዝኩትን ወረቀት ቀድመውኝ ይጨርሱታል። የሚያስከፋው ደግሞ የሚያነቡት ለስሕተት ፍለጋ ብቻ አለመሆኑ ነው። ታሪኩንም ያነቡታል፤ አስተያየት ግን አይሰጡም። ሁለቱን መጽሐፎቼን አሳትመውልኝ አንድም ቀን «ጥሩ ነው» ብለውኝ አያውቁም።

«258» አሉኝ የዚያን ቀን ገና በሩ ላይ ሳለሁ። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን የገጽ ብዛት ሲሰማ አብሮኝ ይደነግጣል። መጽሐፍ የሚታተመው በፎርም በፎርም ነው፤ አንድ ፎርም 16 ገጽ ነው። 16 ፎርም 256 ይመጣል። ለተረፉት ሁለት ገጾች ሲባል አሥራ ሰባተኛ ፎርም ሊከፈት ነው፤ ፕሌቱ፣ ወረቀቱ፣ የማሽኑ ሰዓት ተደምሮ ለ2,000 ቅጂ አራት ሺህ ብር አካባቢ። አሥራ አራቱ ገጽ ባዶውን ሊቀር ነው።

«ባዶው ላይ አንባቢ ማስታወሻ ይጽፍበታል» አልኩ።

«ማስታወሻ ለሚጽፍ ሰው ደብተር ይረክሰዋል።»

«ትርፏ በአንድ ቅጠል ብቻ ታትማ በእጅ ብትለጠፍስ?»

«ትለጠፋለች። ከዚያ ትወልቃለች። የወለቀባት ሰው የሚሰድበው እኔን አይደለም።»

«ፊደሉን ከ12 ወደ 11 ተኩል ብናወርደው?»

«ዓይኑ የደከመውን አንባቢ ታጣለህ። ዛሬ በገንዘቡ መጽሐፍ የሚገዛ እሱ ብቻ ነው» አሉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ምን ያዞርሃል? መፍትሔው እዚሁ አለ። ምስጋናውን አውጣው።»

ምስጋናዬ ገጽ 5 እና 6 ላይ ነበር። ልክ ሁለት ገጽ።

ዛሬ ሳስበው ከዚያ በላይ ቀላል ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ። ከማተሚያው ክፍያ ግማሹን ያበደረኝ አጎቴ እዚያ ውስጥ አለ። ረቂቁን በዱቤ የተየበችልኝ ልጅ አለች። ቡና ሲጋብዘኝ የኖረ ጓደኛዬ አለ። አንድም ገጽ ሳያነብ «በርታ» ያለኝ ሰውም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ 400 ቅጂ ወስጄ እሸጥልሃለሁ ብሎ ቃል የገባልኝ አከፋፋይ አለ። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ የፈለገ ገጽ 5ን ይመልከት።

ጋሼ ዝርዝሩን በተገላቢጦሽ አነበቡት። «ይህ ሁሉ ሰው ምን አድርጎልህ ነው?»

«ውለታ ነው፣ ጋሼ።»

«በእኛ ጊዜ ሳንሱር ነበር» አሉ። «ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ገጽ ቢሉት አሥር ይወስዳል። በ1985ቱ አዋጅ እሱ ከቀረ ወዲህ እናንተ ደራሲዎች የሚቆርጥላችሁ አጣችሁ።»

ምስጋናውን እንደማልነካ ነገርኳቸው። ፕሩፉን፣ የማረሚያ ቅጂውን፣ ተቀብዬ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና የሚቆረጥ ፍለጋ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ብልሃተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከየምዕራፉ ጥቂት ጥቂት መስመር ብቀንስ ገጹ ሁሉ እንደገና ሊቀናጅ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገጽ የምታቀናጀው ልጅ ሌላ ክፍያ ትጠይቃለች። ስለዚህ በራሷ ገጽ ጀምራ በራሷ ገጽ የምታልቅ፣ ብትነቀል ሌላውን የማትነካ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አገኘኋት። ምዕራፍ 19፤ ገጽ 187 እና 188።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። አንዲት እናት ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሣጥን ቆልፋ ትኖራለች። ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት ናት። ዘመድ ወርቅ ነው ይላል፤ ጎረቤት መድኃኒት ነው ይላል፤ ልጆቿ በሣጥኑ የተነሣ ይጣላሉ። ምዕራፍ 19 ላይ ሣጥኑ ይከፈታል። ውስጡ የዕድር ደረሰኝ ነው። በጠፋው ልጅ ስም በየወሩ የተከፈለ፣ 84 ደረሰኝ። ሞቷል ብላ እንዳትቀብረው ልቧ እንቢ አላት፤ ድንገት አንድ ቀን ሞቶ ቢገኝ ደግሞ ቀባሪ እንዳያጣ መዋጮውን ሳታስታጉል ኖረች። ያችን ሁለት ገጽ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ተነሥቻለሁ።

ፕሩፉን ይዤ ተመለስኩ። «ይህችን አውጧት።»

ጋሼ ቁጥሩን አዩና ዝም አሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው የፎርማን ፊት አልነበረም።

«ይህችንማ አታውጣ። እዚህ ገጽ ላይ ሥራ አቁሜ ነበር።»

ከሁለት መጽሐፍና ከስንት ዓመት በኋላ ከእሳቸው አፍ የወጣ የመጀመሪያው ምስጋና ነበር። እኔ ግን አልሰማሁትም። በአራት ሺህ ብር ስጨቃጨቅ የዋለ ሰው ጆሮ የለውም።

«ግዴለም፣ ትውጣ።»

«ታዲያ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ አንባቢው በምን ያውቃል?»

እውነተኛው መልስ «ምዕራፍ 20 መጨረሻ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ» የሚል ነበር። ሐሳቤም እሱ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ራሴን ነቀነቅሁና «ጋሼ፣ ጥበብ ሁሉን ነገር አይናገርም» አልኳቸው።

ይህንን አንድ ፊደል ለቃሚ ለነበረ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሲለቅም ለኖረ ሰው ተናገርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ፕሩፉን ለልጅቱ አቀበሏት። እኔም ለልጅቱ «ቁጥሮቹን አስተካክዪ» ብያት ወጣሁ። ያችን አንድ መስመር ረሳኋት። የረሳሁትም ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፤ በራሴ አባባል ተደስቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ስለሄድኩ ነው።

መጋቢት ላይ መጽሐፉ ተመረቀ። አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር፤ ለሦስተኛ መጽሐፍ ይህ ብዙ ነው። ዳሰሳ ያቀረበው የሥነ ጽሑፍ መምህር ሦስት ወረቀት ይዞ ወጣና ስለ ገጸ ባሕርያት፣ ስለ መቼት፣ ስለ ቋንቋ ተናገረ። እኔም ልማዴን አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ምዕራፍ 18ን አንብቤ ገጹን ገለጥኩ» አለ። «ያገኘሁት ምዕራፍ 20ን ነው። ተመልሼ ቆጠርኩ። ምዕራፍ 19 የለም! ደራሲው ነፍጎናል። ሣጥኑን የቆለፈችው እናቲቱ አይደለችም፤ ደራሲው ነው። እነሆ፣ ምዕራፍ 19 ራሱ ሣጥኑ ነው!»

ጭብጨባው ሲነሣ እኔ ጠረጴዛ ሥር የራሴን መጽሐፍ እያገላበጥኩ ነበር። እውነትም ከ18 ቀጥሎ 20። ልጅቱ ቁጥሮቹን አስተካክዪ ስላት የገጾቹን ቁጥር መስሏት ነበር፤ እሱን አንድም ሳታዛንፍ አስተካክላዋለች። የምዕራፎቹን ማን ይንገራት?

በጥያቄ ሰዓት አንዲት ወጣት ተነሥታ «ምዕራፉን ያስቀሩት ሆን ብለው ነው?» አለችኝ። ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረኝ። «ነበረ፣ ግን ሁለት ገጽ ስለተረፈን ነው» ማለት ይቻላል፤ አዳራሹም ይሥቅና ያልፋል።

«አንባቢ የራሱን ሣጥን ይክፈት ብዬ ነው» አልኩ።

ሁለተኛው ጭብጨባ ከመጀመሪያው በለጠ። ከኋላ ወንበር ላይ ጋሼ የክት ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አላጨበጨቡም፤ አልሣቁምም። መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር። ብዙ ወለወሉት።

ለፊርማ ሲሰለፉ የመጨረሻው ሰው እሳቸው ሆኑ። ስማቸውን ጻፍኩ፤ ሌላ የምጽፈው ጠፍቶኝ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። «ሰውየው ጥሩ ተናገረ» አሉኝ። ከዚያ መጽሐፉን በብብታቸው ሸጉጠው፣ «ደረሰኞቹን ቢያያቸው ግን ዝም ይል ነበር።»

ከዚህ ሌላ ስለዚያ ቀን የማስታውሰው የለኝም።

አከፋፋዩ ቃሉን ጠብቆ 400 ቅጂ ወሰደ። የመጽሐፉ ዋጋ 100 ብር ነበር፤ የእሱ ድርሻ ከመቶ 35። የ120ዎቹን ሒሳብ አስረከበኝ። በ280ዎቹ ይኸው እስከ ዛሬ ቅዳሜ ና እየተባልኩ ነው። አንዴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ 18,200 ብር። በዚያን ጊዜው ዋጋ ከአራት ፎርም በላይ ያሳትማል። በአራት ፎርም 64 ገጽ ይወጣል፤ የእናቲቱን ደረሰኝ አንድ በአንድ ብተርከው እንኳ ቦታ አያጥረኝም ነበር። የእሱን ምስጋና ለማቆየት ስል ነው እንግዲህ ሣጥኑ ሳይከፈት የቀረው። አጎቴም ቢሆን አኩርፎኛል፤ ስሙ ላይ «ኢንጂነር» የሚለው ቀርቷል ብሎ።

በ2013 ሁለተኛው እትም ሲመጣ ጋሼ «አሁን መልሳት፤ እኔ ዘንድ አለች» አሉኝ። ፕሩፏን መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠዋት ኖሯል፤ ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። የወረቀት ዋጋ ንሯል፣ አሥራ ሰባተኛ ፎርም አልችልም አልኳቸው። ወረቀቱ በእርግጥ ንሮ ነበር። ግን ያን ጊዜ ምስጋናውን ማውጣት እችል እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። የመምህሩ ዳሰሳ ታትሞ ወጥቷል፤ ሁለት ተማሪዎችም ስለዚያ ባዶ ምዕራፍ ቃለ መጠይቅ አድርገውልኛል፤ አንደኛው ላይማ ስለ ዝምታ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ከፍቼ የዕድር ደረሰኝ ላውጣ?

ባለፈው ወር አራተኛውን ልብ ወለዴን አስገባሁ። ይህኛው ምስጋና የሚባል የለውም። መታሰቢያነቱም በግማሽ መስመር ያለቀ ነው። ምዕራፎቹን ራሴ ቆጥሬ፣ ራሴ ቁጥር ሰጥቼ፣ ልጅቱ አጠገብም ቁጭ ብዬ አስተካክያለሁ። ሰኞ ጠዋት ስሄድ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«274» አሉኝ።

17 ፎርም 272 ነው። ሒሳቡን ስጨርስ ፊቴ ላይ አዩት መሰለኝ፣ መነጽራቸውን ቀስ ብለው ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ዘንድሮስ የትኛውን ነው የማትነግረን?»