አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው፣ ትንሽ ሶጁ

ሰሞኑን ማታ ማታ የሆንግ ሳንግ ሱ ፊልሞችን እያየሁ ነው። ሰውየው ደቡብ ኮሪያዊ የፊልም ዳይሬክተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሴኡል ተወለደ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን በ1996 አወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ከ30 በላይ ሠርቷል። የኮሪያ ፊልም ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ወይ ደምና በቀል ነው፣ ወይ የሚያስለቅስ ተከታታይ ድራማ። እሱ ጋ ግን ማንም ማንንም አያሳድድም። ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ። በቃ።

"ጸጥ ያለ ፊልም" ሲባል ድሮ የማስበው ጭጋግ የለበሰ ተራራ ነበር። የእሱ ጸጥታ እንደዚያ አያሳርፍም። ጨዋ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚባባሉት ሲያልቅባቸው የሚመጣው ዓይነት ነው። አንዱ ብርጭቆውን ያነሳል። ሌላው ለምንም ነገር "ጎበዝ ነህ እኮ" ይላል። ካሜራው ንቅንቅ ሳይል ደቂቃዎች ያልፋሉ። እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ እሸማቀቃለሁ። ከዚያ ድንገት፣ ያለምንም ማሳመሪያ፣ እንደ ሠርግ ቪዲዮ አንሺ ዙም ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። ሲለመድ ግን ዓይኔን የት ማሳረፍ እንዳለብኝ የሚያሳየኝ እሱ ሆነ።

ከሁሉም የወደድኩት "አሁን ትክክል፣ ያኔ ስህተት" የሚለውን ነው። በ2015 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሚካሄደው የሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ነብር ወስዷል። አንድ ዳይሬክተር ፊልሙ ወደሚታይባት ሱወን ከተማ አንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳል። ሥራ ፈትቶ ሲዞር አሮጌው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አንዲት ሠዓሊ ያገኛል። ይተዋወቃሉ፣ ሥዕሏን ታሳየዋለች፣ ማታ ሱሺ ቤት ገብተው ሶጁ፣ ያንን የኮሪያ አረቄ፣ ይጨልጣሉ። ፊልሙ እኩሌታው ላይ ያበቃና ያው ቀን እንደገና ከጠዋቱ ይጀምራል። ርዕሱ እንኳ ተገልብጦ ድጋሚ ይመጣል።

በመጀመሪያው ዙር ሥዕሏን ሲያይ በሙገሳ ያጥለቀልቃታል። ማታ ጓደኞቿ ዘንድ ሲሄዱ ግን ያ ሁሉ ሙገሳ በየቃለ መጠይቁ ስለ ራሱ ሥራ የሚደጋግመው ወሬ መሆኑ ይወጣል። ባለትዳርነቱም እዚያው ይጋለጣል። በሁለተኛው ዙር ስለ ሥዕሉ ያሰበውን እቅጩን ይነግራታል፤ ትቆጣለች። ሚስት እንዳለችውም ራሱ ይናገራል። ያ ማለት ግን ተሻሻለ ማለት አይደለም። ሰክሮ ጓደኞቿ ፊት ልብሱን ያወልቃል! እንዲያም ሆኖ የሁለተኛው ቀን ሰውዬ ደስ ይላል። ሆንግ "እውነት ተናገሩ" ብሎ አይሰብክም። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዞር ይላል።

"የሸሸችው ሴት" ደግሞ በ2020 በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አስገኝታለታለች። ተዋናይቷ ኪም ሚንሂ ባሏ ለሥራ ሲሄድ ጓደኞቿን እየዞረች የምትጠይቅ ሴት ሆና ትሠራለች። አንድ ጎረቤት በር ድረስ መጥቶ "የሰፈሩን ድመቶች መመገብ ተዉ፣ ሚስቴ ትፈራለች" ይላል። ሴቶቹም በትሕትና፣ እነሱም መብላት አለባቸው ይሉታል። እሱ በትሕትና ይደግማል፤ እነሱም በትሕትና እምቢ ይላሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ማንም አንዲት ጋት አይለቅም። ሰውየውን የምናየው ከጀርባው ነው። ንግግሩ ሲያበቃ ካሜራው ድመቷ ላይ ዙም ያደርጋል፤ እሷም ታዛጋለች። ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ጨዋነት ጠብን እንዴት እንደሚሸከም ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም መሰለኝ። ኮሪያም ውስጥ ታናሽ ከታላቅ ብርጭቆ የሚቀበለው በሁለት እጁ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ ቃላቱ መወጋጋት ሲጀምሩ እንኳ እጆቹ ወጋቸውን አይስቱም። እኔ ከፊት ይልቅ እጅ ማየት ጀምሬያለሁ።

አሠራሩም ይገርመኛል። የዕለቱን ንግግር የሚጽፈው ቀረጻው ባለበት ጠዋት ነው። ተዋናዮቹ ያንኑ ቀን ያጠኑታል። በቅርብ ዓመታት ካሜራውንም፣ ኤዲቲንጉንም፣ ሙዚቃውንም ራሱ ነው የሚሠራው። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የለም። አንዳንዴ በዓመት ሁለት ፊልም የሚያወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ ነፃነት ሁሌ ይጥመኛል ማለት አይደለም። በ2023 ያወጣው "ውኃ ውስጥ" አብዛኛው ሆን ተብሎ ደብዝዞ የተቀረጸ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን እሱም ረዘመብኝ። ሐሳቡ ገብቶኛል፣ ዓይኔ ግን አልተስማማም።

ቀጥዬ የማየው ፈረንሳዊቷ ተዋናይ ኢዛቤል ዩፔር ሴኡል ውስጥ ፈረንሳይኛ እያስተማረች ማክጎሊ የምትጠጣበትን የ2024ቱን ነው። ማክጎሊ ከሩዝ የሚጠመቅ፣ ነጣ ያለ መጠጥ ነው። ከእናንተ መሞከር የፈለገ ካለ በድመቷ ፊልም ይጀምር፤ አጭር ናት። ሩብ ሰዓት አይቶ ካልያዘችው ይተዋት፣ አልቀየምም።