ከማደያው እሳት ያወጣን አምላክ ይመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጉርምስናችን ነዳጅ ማደያ ውስጥ በቀጂነት የሠራን ልጆች ጠዋት ፓምፕ ሳይከፈት «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ አምላክ፣ በመልአክህ በቅዱስ ገብርኤል ጠብቀን» እንል ነበር። ጸሎታችን ተሰምቷልና እንመሰክራለን።

ቤንዚን እንደ ናፍጣ አይደለም። ናፍጣ የሚቀጣጠል ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ይተናል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ርቆ ይሄዳል።

እሳቱ በተነሣበት ቀን ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ጀሪካን ከፒካፕ ሳይወርድ ተቀዳ፤ ከሥሩም የፕላስቲክ ምንጣፍ ነበረ። ነዳጅ በቱቦ ውስጥ ሲፈስ ስታቲክ ኤሌክትሪክ (በመፋተግ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ) ያመነጫል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ቢሆን ኤሌክትሪኩ ወደ ምድር ይወርድ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ ግን መውጫ አጥቶ ተጠራቀመና በኖዝሉ (ነዳጁ በሚወጣበት የቱቦው ጫፍ) እና በጀሪካኑ አፍ መካከል ብልጭ አለ። አፉ ላይ እሳት ቆመ።

ወደ ውስጥ ያልገባበት ምክንያት አለው። የቤንዚን ተን የሚነደው ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ግን ተኑ ከዚያ በላይ ወፍሮ ነበር። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሰው ሲደነግጥ ኖዝሉን መንጭቆ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ይረጭና እሳቱ የቀጂው ልብስ ላይ ይወጣል። ከጎን ደግሞ ቦቴ እያራገፈ ነበር፤ ቦቴ ሲያራግፍ በምድር ውስጥ ታንኩ ያለው ተን በመተንፈሻው ቱቦ እየተገፋ ይወጣል።

የቀጂው እጅ ግን አልመነጨቀም። የኖዝሉን ምላጭ ለቀቀ፣ ኖዝሉን ባለበት ተወው፣ ሸሸ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ተጫነ፣ የቦቴው ቫልቭ ተዘጋ። ባለ 9 ኪሎው የዱቄት ማጥፊያ ፒኑ ተነቅሎ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፣ ከእሳቱ ሥር ተረጨና ጠፋ። ውኃ ቢደፋበት ኖሮ ቤንዚኑ ውኃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ግቢው ሁሉ ባዳረሰው ነበር። ስለ ጀሪካኑና ስለ ተኑ ማስረዳት እንችላለን፤ በዚያች ቅጽበት ያን የልጅ እጅ ያረጋው ግን እግዚአብሔር ነው። ስለታችንን ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል አግብተናል።

ዛሬ በቀጂነት ያላችሁ ልጆች፦ ደንበኛው ቢቆጣም ጀሪካን ከመኪና ሳይወርድ አትቅዱ። መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ኖዝሉን አፉ ላይ አስነክታችሁ በዝግታ ቅዱ፣ እስከ አፉ አትሙሉት። የእሳት ማጥፊያው ግፊት መለኪያ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑንም ፈረቃ ስትረከቡ እዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።