የጠፉት 29 ክፍያዎች

በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የዳታቤዝ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የሁለቱን ቅርንጫፎች ወርኃዊ መዋጮ አንድ ላይ የሚደምር ሪፖርት አዘጋጅቼ ለሂሳብ ክፍል አስረከብሁ። በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ አስጠርተውኝ ድምሩ ባንክ ከገባው ገንዘብ በ14,500 ብር እንደሚያንስ አሳዩኝ። ኩዌሪውን፣ ማለትም ሪፖርቱን ከዳታቤዙ የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ አስቀድሜ በአንዱ ቅርንጫፍ መረጃ ብቻ ፈትሼ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት፣ ጥፋቱን በገንዘብ ተቀባዮቹ ላይ ለመጣል ቸኮልሁ።

አንድ ነባር የሥራ ባልደረባችን ግን ልዩነቱን ለ500 አካፈሉት፤ የእያንዳንዱ አባል መዋጮ 500 ብር ነበርና 29 ክፍያ ሆነ። ከዚያም ኩዌሪውን በሪሌሽናል አልጄብራ፣ ማለትም በሠንጠረዦች ላይ በሚሠራው የሂሳብ አጻጻፍ፣ እንድጽፈው አዘዙኝ። የወሩን ረድፎች መርጬ፣ የአባል ቁጥርንና የገንዘብ መጠንን ብቻ አስቀርቼ፣ የሁለቱን ቅርንጫፎች ውጤት በዩኒየን፣ ማለትም ሁለት ሠንጠረዦችን ወደ አንድ በሚያጣምረው ስሌት፣ አገናኘሁ። «ታዲያ አንድ አባል ውዝፉን ጨምሮ በሁለት ደረሰኝ ቢከፍል፣ እዚህ ወረቀት ላይ ስንት ረድፍ ይኖረዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። አንድ ብቻ ነበር።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዳታቤዝ ሞዴል ሠንጠረዥ ማለት በሂሳብ ትርጉሙ ስብስብ ነው፤ በስብስብ ውስጥ ደግሞ ያው ነገር ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። የደረሰኝ ቁጥሩን ስጥለው ሁለቱን ክፍያዎች የሚለየውን ብቸኛ ምልክት አብሬ ጥያለሁ። እኔን ያሳሳተኝ ግን ኩዌሪ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ ይህን ሕግ በወጥነት አለመከተሉ ነው፦ ተመሳሳይ ረድፎችን ለይቶ ማስወገድ ተጨማሪ ሥራ ስለሚጠይቅ፣ ሴሌክት ዲስቲንክት (ድግግሞሹን አስወግደህ ምረጥ) ካልተባለ በቀር ሁሉንም እንዳሉ ያወጣቸዋል፤ ዩኒየን ግን ሳይነገረው፣ በአንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ የተደገሙትን እንኳ ሳይቀር፣ ያዋሕዳቸዋል። ስለዚህ ዩኒየን ያልነበረበት የአንድ ቅርንጫፍ ሙከራዬ ስሕተቱን ሊያሳየኝ አይችልም ነበር።

ዩኒየንን፣ የተደገሙትን ሳያስወግድ በሚያጣምረው ዩኒየን ኦል መተካት ለድምሩ በቂ ነበር። ባልደረባችን ግን የቅርንጫፉ መለያና የደረሰኝ ቁጥሩም እንዲመለሱ አጥብቀው ጠየቁ፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች ደረሰኞቻቸውን ከ1 ጀምረው ስለሚቆጥሩ የደረሰኝ ቁጥር ብቻውን አይለይም። ሂሳቡ በዚያው ከሰዓት ከባንኩ ጋር ገጠመ፤ ገንዘብ ተቀባዮቹን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እስከ ማግስቱ ድረስ አልደፈርሁም።