አራት ሚሊ የማትሞላ ፒን

ጉሙ ዛሬ ገና በአስር ሰዓት ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ዋጠው። ደሴ እንዲህ ስትሆን ብረት የነካ ጣት ቅዝቃዜው እስከ ክርን ይሰማል። ሻይ አፍልቼ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ክረምት ዝምታ ነበር፤ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ የማይሰብረው ያ ከባድ ዝምታ። ከብርጭቆው አጠገብ ግን ሁለት ቦታ የተሰበረች የሞተር ሳይክል ካቴና (ሰንሰለት) መፍቻ ፒን አለች፤ የካቴናውን ፒን ከቦታው ገፍታ የምታወጣው ቀጭን ዘንግ ናት። አንድ ባለ ሞተር ልጅ ትናንት ማታ በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቶ፣ «ብረቷ ጥሩ አይደለችም፣ ጠንከር ያለች ሥራልኝ» ብሎ ነው ትቷት የሄደው።

ዝምታውን እዚህ ላይ ተውኩት። ዓይኔ ከፒኗ አልነሳ አለ።

ፒን ሲሰበር መጀመሪያ የሚነበበው የስብራቱ ፊት ነው። ጠፍጣፋና ግራጫ ሆኖ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ የሚል ከሆነ፣ ብረቷ ምንም ሳትታጠፍ ነው የሄደችው፤ ወይ ከመጠን በላይ ጠንክራለች ወይ በድንገት ተመትታለች። በአንድ ጎን ከንፈር የመሰለ ትርፍ ካለው ወደ ጎን ተገፍታለች። ጫፏ እንደ እንጉዳይ ከተስፋፋ ብረቷ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያለችው ሳትሰበር ቀዳዳው ውስጥ ነክሳ ትቀራለች፣ ያም ከስብራት አይሻልም። ይህች የመጣችልኝ ሁለቱም ስብራቷ ባለ ከንፈር ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ብረቷ ላይ መጣል ግፍ ነው። ወደ ጎን የገፋት ነገር አለ፣ እሱ ሳይታወቅ አዲስ ብሠራለትም በሳምንቱ ያመጣታል።

እዚህ የሚዞሩት የ150 ሲሲ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ 428 የሚባለውን ካቴና ነው የሚይዙት። የመጀመሪያው ቁጥር ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል ያለውን ርቀት በስምንተኛ ኢንች ይናገራል፤ 4 ሲሆን 12.7 ሚሊ፣ 5 ሲሆን 15.875 ሚሊ። የ428 ካቴና ፒን ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ገደማ ነው፣ የ520ው 5 ሚሊን ትንሽ ያልፋል፣ የ420ው ደግሞ 4 ሚሊ አካባቢ ነው። ባጃጅ ካቴና የለውም፣ ኃይሉ በአክስል ስለሚሄድ ይህ ሁሉ ጣጣ የባለ ሁለት ጎማው ብቻ ነው።

የካቴናው ፒን በውጭኛው ላሜራ (የጎን ጠፍጣፋ ብረት) ቀዳዳ ውስጥ ተጨንቆ ነው የተቀመጠው፤ ቀዳዳው ከፒኑ በጥቂቱ ይጠባል። በዚያ ላይ ጫፉ ተመትቶ እንደ ሚስማር ራስ ሰፍቷል። የእጅ መፍቻ ጭንቀቱን ይችለዋል። የሰፋውን ራስ በጠባብ ቀዳዳ አሹልኮ ማውጣት ግን ሌላ ሸክም ነው፣ እዚያ ላይ ነው ብዙዋ ፒን የምትሞተው። ስለዚህ አስቀድሞ ግራይንደር ወይም ሞረድ ይዞ ራሱን ከላሜራው እኩል እስኪሆን መብላት ያስፈልጋል። እኩል መሆኑ በጣት ዳሰሳ አይታመንም፤ የራሱ ክብ ጠርዝ ጠፍቶ በፒኑና በላሜራው መካከል ቀጭን የቀለበት መስመር ሲታይ ነው የሚበቃው። የአንድ መጋጠሚያ ሁለቱም ፒኖች እንዲህ መበላት አለባቸው።

ሁለቱም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የውጭኛው መጋጠሚያ ሁለት ፒኖች ከወዲያ በኩል በአንድ ላሜራ ተያይዘዋል። አንዱን ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው የሚገፋ ሰው ያንን ላሜራ ያንጋድደዋል፤ ላሜራው ሲንጋደድ የካቴናው ፒን ያጋድላል፣ እሱን የምትከተለው የመፍቻዋ ፒን ደግሞ ቡሽንጉ (የካቴናው ፒን የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ እንዳለች ወደ ጎን ትጎብጣለች። ያኔ ከንፈር ያለው ስብራት ይመጣል። አንዱን ሁለት ሚሊ፣ ከዚያ ሌላውን ሁለት ሚሊ እያፈራረቁ መግፋት ነው መፍትሔው። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ መሰበሯ ግን የበለጠ ይሰለቻል።

ሌላው የመፍቻው አያያዝ ነው። መፍቻው ሁለት ቡሎን አለው፤ ትልቁ መሃሉ ክፍት ነው፣ ፒኗ በዚያ ውስጥ ታልፋለች፣ ከኋላ ትንሹ ቡሎን ይገፋታል። ከሁሉ በፊት ትንሹን ወደ ኋላ መልሶ ፒኗን ሙሉ በሙሉ መደበቅ፤ ቀጥሎ ቀዳዳው በካቴናው ፒን ላይ ልክ መሃል ለመሃል መዋሉን በዓይን አይቶ ትልቁን ቡሎን ላሜራው ላይ አጥብቆ ማሳረፍ፤ ትንሹ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ ቡሎን ፒኗን ዙሪያዋን የሚደግፍ ግድግዳ ነው። ብዙ ሰው ግን ፒኗን ሁለት ሦስት ሚሊ አውጥቶ፣ በዓይኑ አነጣጥሮ፣ ያለ ድጋፍ ይገፋታል።

ቀጭን ዘንግ ሲገፉት መጉበጥ የሚጀምርበት ኃይል በርዝመቱ ካሬ ይወርዳል። ሳይደገፍ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን አቅሙ ሩብ ይሆናል ማለት ነው። ውፍረት ደግሞ በአራተኛ ኃይሉ ነው የሚቆጠረው፤ 3.8 ሚሊ የሆነች ፒን ከ3 ሚሊዋ ሁለት ተኩል እጥፍ ትቋቋማለች። ስለዚህ ለ428 ካቴና የ420ውን ቀጭን ፒን መጠቀም ራስን ማታለል ነው። የ520ዋ ደግሞ ላሜራው ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ትነክሳለች። ከካቴናው ፒን በግማሽ ሚሊ ያህል የምትቀጥን፣ ማለትም ለ428 ከ3.8 እስከ 4 ሚሊ የሆነች፣ ርዝመቷም ከሚያስፈልገው የማይበልጥ ናት ትክክለኛዋ። ጫፏ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ጠርዙ ብቻ በትንሹ የተበላ ይሁን። ጫፉን አሹሎ የሚያመጣ አይጠፋም፤ የሾለ ጫፍ ከመሃል ሸርተት ማለቱ አይቀርም።

ሲገፋ ጆሮ ይስማ። ቡሎኑ ይጠነክራል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ «ጧ» ብሎ ይለቃል፣ ቀሪው ቀላል ነው። «ጧ» ሳይል እየከበደ ብቻ ከሄደ አቁሞ ግማሽ ዙር መመለስና ራሱ በደንብ መበላቱን ማየት ይገባል። በዚህ ጊዜ በረጅም ቱቦ ጉልበት የሚጨምር ሰው ዓይኑን ያስብ። የጠነከረች ፒን ስትሰበር ቁራጯ እንደ ጥይት ነው የምትወጣው፤ መነጽር ግዴታ ነው።

የተሰበረውን ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቁራጯ ትልቁ ቡሎን ውስጥ ከቀረች ቡሎኑን ፈትቶ ጥርሱ እንዳይጎዳ በእንጨት አቅፎ ሞርሳ ላይ ማሰር፣ ዘይት የተቀላቀለ ናፍጣ ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ ጠዋት ከገባችበት በተቃራኒ በኩል በ3.5 ሚሊ ዘንግ ቀስ ብሎ መምታት። በትራፓኖ ለመብሳት የሞከረ ፑንታውን (የመብሻውን ብረት) ይጨርሳል፤ ፒኗ ብዙ ጊዜ ከፑንታው አትለሰልስም፣ ፑንታው ወደ ጎን ሸርተት ብሎ የቡሎኑን ቀዳዳ ያበላሻል። ካቴናው ውስጥ ከቀረች መጋጠሚያውን በ8 ሚሊ ቡሎን ዳዶ ላይ ማሳረፍ ነው። የዳዶው ቀዳዳ 7 ሚሊ ሊሞላ ትንሽ ስለሚቀረው የካቴናው ፒን ያለ ችግር ያልፍበታል፣ ላሜራው ግን ዙሪያውን ይደገፋል። አጭር ዘንግ፣ ከባድ መዶሻ፣ ጥቂት ምት።

ለመተኪያ የሚሆን ብረት ከጥሩ ሱቅም የሚገኘው በዕድል ነው፣ ግን በየጋራዡ ወድቆ ይታያል። ሚስማርና የጎማ ሽቦ እንጉዳይ ከመሆን አይድኑም። የክሮቼራ (የመኪና ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ኩሽኔታ መርፌዎች በጣም ጠንካራ ናቸው፣ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራሉ፣ ብዙዎቹም ለዚህ ሥራ ይቀጥናሉ። የተሰበረ 4 ሚሊ ፑንታ እጀታው፣ ያ ጥምዝ የሌለው ክፍል፣ ቀጥ ያለና ልኩ የተጠበቀ ስለሆነ ጥሩ ነው። የዚህ ብረት ባህርይ ለየት ይላል፤ ግራይንደር ላይ ሲበላ ቀልቶ ቢታይም እስከ 550 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን አይለቅም። ውሃ ውስጥ መንከር ግን ያሰነጥቀዋል፣ በአየር ይቀዝቅዝ።

እኔ የምመርጠው የሞተር ማስገቢያ ቫልቭ ግንድን ነው፤ ማግኔት የሚስበውን። የጭስ ማውጫው ብዙ ጊዜ ማግኔት አይስበውም፣ እንደዚህኛውም አይጠነክርም። ግንዱ 5 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ቶርኖ ላይ ወደ 3.9 ማውረድ ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ ኮምቦልቻ መውረድ አለብኝ። የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፣ ልጆቹ ማርሽ አስገብተው ሞተሩን ራሱን እንደ ፍሬን እየተጠቀሙ ሲወርዱ ካቴናው በታችኛው በኩል ይወጠራል፣ ሽቅብ ሲመለሱ በላይኛው። በጭቃ ወራት ይህ ሲደጋገም ካቴናው ይረዝማል። ያን ጊዜ ነው «አንድ መጋጠሚያ ቁረጥልኝ» የሚሉት፣ ከዚህም ነው የፒን ስብራት የሚበዛው።

መቁረጡ ራሱ ስህተት ነው። 20 መጋጠሚያ አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ነው። ወጥረው ሲለኩት 259 ከደረሰ በሁለት በመቶ ረዝሟል፣ ሮለሩ (በቡሽንጉ ላይ የሚሽከረከረው ቀለበት) በጥርሱ ሥር መቀመጡን ትቶ ጫፍ ላይ እየወጣ ፒኞኑን (ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ) ይበላዋል። መቁረጥ ልቅነቱን ይደብቃል፣ በፒንና በቡሽንግ መካከል የተበላውን አይመልስም። ካቴናውና የፊትና የኋላ ባለ ጥርስ ክቦች አብረው ይቀየሩ። አዲሱ ካቴና ባለ ክሊፕ ከሆነ የክሊፑ ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ክፍት ጫፉ ከቀደመ አንድ ድንጋይ ይበቃዋል።

መሸ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ፒኖች አሉኝ። አንዷ ከፑንታ እጀታ የተሠራች ናት፣ ምንም አያጎብጣትም፣ ከሄደች ግን በድንገት ተሰብራ ነው የምትሄደው። ሌላዋ ከካርቦን ብረት ነች፤ ማግኔት እስኪተዋት አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኳት፣ ከዚያ አጥርቼ ቡናማው ወደ ሐምራዊ እስኪያዘነብል መልሼ አሞቅኋት። እሷ ከመሰበሯ በፊት ትንሽ ትጎብጣለች፣ ያጠፋውን ሰው በመጉበጧ ታስጠነቅቀዋለች፣ ግን ቶሎ ታልቃለች። ልጁ የጠየቀው ጠንከር ያለችውን ነው። ነገ ጠዋት ይመጣል፣ መነጽር ደግሞ አያደርግም። የትኛዋን ልስጠው?