መብራቱማ በርቷል

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችን ዛሬ ግማሽ ቀኗን በስካነር አሳለፈች። ሲሠራ ቆይቶ «ድንግ» ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ «ድንግ» ብሎ ይመጣል። ስክሪኑ ጥግ ላይ «የተሰካው ነገር አልታወቀም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ወዲያው «ጋሼ፣ ፎርማት እናድርገው» አለ።

እኛ ዘንድ ፎርማት፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሆድ ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ መጫን፣ እንደ ጠበል ነው፤ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። ማውስ ቆመ፣ ፎርማት። ፕሪንተር እምቢ አለ፣ ፎርማት። የሰው ፎቶና ሰነድ ጠፍቶ ችግሩ እዚያው ሲገኝ ደግሞ «ማዘርቦርዱ ነው» ይባላል፤ የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ ማለት ነው። ገመዱን ነቅሎ የሚያይ የለም።

ወንበሩ ላይ ጋቢ የለበሱ አባት ተቀምጠዋል። ከባሶና ወራና የመጡ ናቸው። የመሬት ደብተራቸውን ስካን ማስደረግ ፈልገው ነው። ስካነሩን በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፣ መብራቱ በርቶ የለም እንዴ? ታዲያ ምን ነካው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ መብራቱማ በርቷል፤ ወሬው ነው የማይደርሰው» አልኳቸው።

ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ስካነሩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ቀዩና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ። ነጩና አረንጓዴው መረጃ ያመላልሳሉ። ከነጩና ከአረንጓዴው አንዱ ቢበጠስ፣ ቀዩና ጥቁሩ ደህና እስከሆኑ ድረስ መብራቱ ይበራል። ኮምፒውተሩ ግን የተሰካውን አያውቀውም። ጭራሽ የመረጃ ሽቦ የሌላቸው ገመዶችም አሉ፤ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ አያውቁም። በእነሱ ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ላስተላልፍ ብሎ የሚታገል ደንበኛ እዚህ ቤት አይጠፋም።

ገመዱን አንገቱ ላይ ይዤ ቀስ ብዬ አጠፍኩት። ድንግ፣ ጠፋ። ቀና አደረግኩት። ድንግ፣ መጣ። ስካነሩ ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቀመጥ ገመዱ ሁልጊዜ የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። በዚህ ላይ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ጠዋት አለ፤ ፕላስቲኩ ድርቅ ብሎ ነው የሚያድረው። ሽፋኑን በምላጭ ስልጠው አረንጓዴው ሽቦ ተበጥሷል። ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ ይሠራል፣ ሲለያዩ ይቆማል።

የፕሪንተሩን ገመድ ነቅዬ ስካነሩ ላይ ሰካሁት። ጫፉ ያው ስለሆነ ይገጥማል። ስካነሩ ታወቀ። ልጁ ደስ ብሎት ስካን የሚለውን ተጫነ። የውስጡ መብራት ተንቀሳቀሰ፣ ጥቂት ሄደና ቆመ። እንደገና ድንግ።

ይኼኛው የሀቡ ጣጣ ነው፤ ሀብ ማለት አንዱን የዩኤስቢ መሰኪያ (ፖርት) ለብዙ ዕቃ የሚያካፍል ማከፋፈያ ነው። ልጁ ለደንበኞች ፍላሽ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ስካነሩን አራት መሰኪያ ያላት ትንሽዬ ሀብ ላይ አዛውሮት ነበር። ከማውሱ መቀበያ፣ ከኪቦርዱና ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ጋር ማለት ነው። የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እንደ ደንቡ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 500 ሚሊ አምፔር ነው። አዳፕተር የሌለው ሀብ ከዚያው ላይ ለራሱ ያስቀርና ለእያንዳንዱ መሰኪያ 100 ያካፍላል። ማውስና ኪቦርድ በዚህ ይኖራሉ። ሞተር ያለው ስካነር፣ ያውም የራሱ አዳፕተር የሌለው፣ አይችልም። አንዳንዱ ርካሽ ሀብ ደግሞ ይዋሻል። አዳፕተር ሳይኖረው «አለኝ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩም አምኖ ሁሉንም ይፈቅዳል። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ሁሉም ነገር ይንገዳገዳል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረውም ለዚሁ ነው።

ስካነሩን ከሀቡ አውጥቼ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሰካሁት። የፊት ለፊቶቹ ፖርቶች ወደ ማዘርቦርዱ የሚደርሱት በውስጥ ገመድ ነው፤ የኋላዎቹ እዚያው ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ እጀምራለሁ። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ተነበበ። አባትዬው መርቀውን ሄዱ።

ሃርድ ዲስኩን ሰማያዊው ፖርት ላይ አደረግኩት። ዩኤስቢ 3.0 ስለሆነ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ቀጭ ቀጩ ወዲያው ቀረ። አሁን ደግሞ ገመድ አልባው ማውስ መዝለል ጀመረ! የማውሱ መቀበያ ያለበት ሀብ ከጎኑ ነበር የተሰካው። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ ማውሱ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ አካባቢ ይረብሻል። መቀበያውን በአጭር ማስረዘሚያ ጠረጴዛው ላይ ሳወጣው ተስተካከለ።

ነገ አዲስ አበባ የሚሄድ ጓደኛ አለ። የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብና አጭር የስካነር ገመድ እንዲገዛልኝ ነግሬዋለሁ። ልጁ «እግረ መንገዱን 10 ሜትር ይምጣ፣ ስካነሩን እዚያ ጥግ እንወስደዋለን» ብሎ ነበር። ዩኤስቢ 2.0 ከ5 ሜትር በላይ በአንድ ገመድ እንደማይታመን ነግሬው ተወው። አዳፕተሩ 5 ቮልት መሆኑን አይቶ እንዲገዛም አደራ ብያለሁ፤ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የ12 ቮልት አዳፕተር የሰኩበት ሀብ ሲጨስ አይቻለሁ።